ከአሻንጉሊት ቀሚስ እስከ ቤት ዳንቴል፦ ኪሮሽ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ኪሮሽ መልመድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ትልቅ ነገር ነው፣ የአልጋ ልብስ፣ የሶፋ ዳንቴል፣ ሹራብ ምናምን። እኔ ግን ለጀማሪ ሁሌ የምለው ከአሻንጉሊት ልብስ ጀምሩ ነው። የአሻንጉሊት ቀሚስ በአንድ ሁለት ማታ ያልቃል፣ ግን ውስጡ መለካት አለ፣ መጨመር አለ፣ በዙር መስራት አለ፣ ጫፍ ማስዋብ አለ፣ ትልቁ ስራ ላይ የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ በትንሹ ተጠቃሎ አለ። ብትሳሳቱም የምትፈቱት ትንሽ ነው። የአልጋ ልብስ ላይ ስህተት ሲገኝ የሳምንት ስራ ነው የሚፈታው፣ ብዙ ሰው ኪሮሽ እርግፍ አድርጎ የሚተወውም እዛ ላይ ነው።

ደሞ ይሄ የእጅ ተሰጥኦ የሚባለው ነገር አያስፈራችሁ። ዓይን (በመርፌው የሚሰራውን እያንዳንዱን ትንሽ ስፌት) መቁጠርና መለካት የሚችል ሰው ኪሮሽ ይሰራል፣ በቃ። ከታች ብዙ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ቁጥሩን አትዝለሉት ምክንያቱም ስራው እሱ ነው።

ምን ያስፈልጋል

ለአሻንጉሊት ልብስ ቀጭን የጥጥ ክር ያዙ። ወፍራም የሱፍ ክር ለትንሽ አሻንጉሊት አይሆንም፣ ቀሚሱ ይደርቅና ወገቧ ይጠፋል። አክሪሊክ ክር ርካሽና ቀለሙ ብዙ ስለሆነ ለመለማመጃ ጥሩ ነው፣ ግን ይለጠጣል፣ ትንሽ ልብስ ላይ ደሞ ልኩን ያበላሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገዙ ነጣ ያለ ቀለም ምረጡ፣ ጥቁር ክር ላይ ዓይኑ አይታይም፣ ማታ በመብራት ደሞ ጭራሽ።

እዚህ ጋ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቀይ፣ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ክር አንዳንዴ ቀለም ይለቃል፣ የአሻንጉሊት ገላ የሚሰራበት ለስላሳ ፕላስቲክ ደሞ ቀለሙን ይመጥና በሳሙና ብታሹትም አይወጣም። ስለዚህ ደማቅ ክር ከመጠቀማችሁ በፊት ቁራጩን በሙቅ ውሃ አርጥባችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጉት፣ ጨርቁ ከቀላ ወይ ከጠቆረ ያንን ክር ለአሻንጉሊት አትጠቀሙበት።

የኪሮሽ መርፌ በሚሊሜትር ነው የሚለካው። ለአሻንጉሊት ከ1.75 እስከ 2.5 ሚ.ሜ፣ ለቤት ዕቃ ከ3.5 እስከ 5 ሚ.ሜ ያስፈልጋችኋል፣ ለመጀመር 2 ሚ.ሜ እና 4 ሚ.ሜ ሁለቱ በቂ ናቸው። የክሩ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የመርፌ ስዕልና ቁጥር አለ፣ ያ ለዛ ክር የሚመከረው መርፌ ነው። ሌላው ቀላል ነው፦ መቀስ፣ ሜትር፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ የስፌት መርፌ፣ ስፒል፣ እና ምልክት ለማድረግ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር። ለትልቅ ስራ ክር ስትገዙ ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ዙር ቁጥር አንድ አይነት መሆኑን እዩ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ያው ነጭ የተባለው ነጭ ጎን ለጎን ሲሆን ልዩነቱ ይታያል።

መሰረታዊዎቹ አምስት አሰራሮች

ክሩን ቀለበት አድርጋችሁ መርፌው ላይ ታስገቡና ታጠብቃላችሁ፣ ግን መርፌው ውስጡ እንደልቡ መንሸራተት አለበት። ከዛ ክሩን በመርፌው ጫፍ ይዛችሁ በቀለበቱ ውስጥ ስታወጡት አንድ ሰንሰለት ሆነ። ይሄንን እጃችሁ እስኪለምድ 50ም 100ም ስሩ፣ አሰልቺ ነው ግን ሁሉም ሰንሰለት እኩል መሆን ሲጀምር ሌላው በጣም ይቀላል። ጀማሪ ሰንሰለቱን በጣም ያጠብቃል፣ መፍትሄው ሰንሰለቱን ብቻ በ0.5 ሚ.ሜ ተለቅ ባለ መርፌ ሰርቶ ወደ ትክክለኛው መርፌ መመለስ ነው።

አጭር ዓይን (ሲንግል የሚባለው)፦ መርፌውን ዓይኑ ውስጥ አስገቡ፣ ክር ይዛችሁ አውጡ፣ አሁን መርፌው ላይ ሁለት ቀለበት አለ፣ እንደገና ክር ይዛችሁ በሁለቱም አንድ ላይ አውጡ። ረጅም ዓይን (ደብል)፦ መጀመሪያ ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠቅልሉ፣ ከዛ አስገብታችሁ ስታወጡ ሦስት ቀለበት ይሆናል፣ ክር ይዛችሁ በሁለቱ አውጡ፣ አሁንም ክር ይዛችሁ በቀሩት ሁለት አውጡ። ግማሽ ረጅም (ሃፍ ደብል) ከዚህ የሚለየው ሦስቱንም ቀለበት ባንዴ በማውጣት ብቻ ነው። ማያያዣ (ስሊፕ) ደሞ አስገብቶ፣ ክር ይዞ፣ ባለው ሁሉ ውስጥ በአንዴ ማውጣት ነው፣ ዙር ለመዝጋት እንጠቀምበታለን።

የእያንዳንዱ ዓይን አናት ላይ ሁለት ክር ታያላችሁ፣ ካልተባለ በስተቀር መርፌው ከሁለቱም ስር ነው የሚገባው። መስመር ጨርሳችሁ ስትዞሩ መስመሩን ከፍ የሚያደርግ ሰንሰለት ትሰራላችሁ፦ ለአጭር 1፣ ለግማሽ ረጅም 2፣ ለረጅም 3። ረጅም ላይ ያ 3 ሰንሰለት እንደ አንድ ዓይን ይቆጠራል፣ አጭር ላይ ግን አይቆጠርም። ስራው እየጠበበ የሚሄድባቸው ወይም ጎኑ የሚጣመምባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ችግራቸው እዚህ ጋ ነው፣ ጫፍ ላይ ያለችውን ዓይን ይዘሏታል ወይ ሁለቴ ይሰሩባታል። መድሃኒቱ የእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓይን ላይ ቁራጭ ክር ማሰርና መስመሩ ባለቀ ቁጥር መቁጠር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ዩትዩብ ላይ ወይ ከኢንተርኔት ንድፍ አውርዳችሁ የምትሰሩ ከሆነ ይሄንን እወቁ፦ አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ ስሙን ይለያያሉ። አሜሪካኖቹ ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞቹ ደብል ይሉታል፣ አሜሪካኖቹ ደብል የሚሉትን ደሞ እንግሊዞቹ ትሬብል። ንድፉ ላይ ሲንግል የሚል ካያችሁ የአሜሪካ ነው፣ ምክንያቱም እንግሊዞቹ ጋ ሲንግል የሚባል ስም አጠቃቀሙ ውስጥ የለም። ይሄንን ሳያዩ የጀመሩ ሰዎች ቀሚሱ እጥፍ ረዝሞ ወይ አጥሮ ያገኙታል።

መለካት

ከሁሉም በላይ ትኩረት የምሰጠው ለዚህ ነው። ልትሰሩበት ባሰባችሁት ክርና መርፌ 6 ሴ.ሜ በ6 ሴ.ሜ የሚሆን ቁራጭ በአጭር ዓይን ስሩ። መሃሉ ላይ 5 ሴ.ሜ ለኩና ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። 15 ዓይን ካለ በ1 ሴ.ሜ 3 ዓይን ማለት ነው። አንዱ ሰው ክር ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል፣ ስለዚህ በተመሳሳይ ክርና መርፌ የሁለት ሰው ቁጥር ላይገጥም ይችላል፣ የሌላ ሰው ንድፍ ልክ የማይመጣላችሁም ለዛ ነው። የራሳችሁን ቁጥር ካወቃችሁ ግን የማንንም ንድፍ አትጠብቁም።

ቀጥሎ አሻንጉሊቷን ለኩ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከወገብ እስከ ብብት፣ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ የጭንቅላት ዙሪያ ከነፀጉሩ። ባርቢ አይነት አሻንጉሊት ቁመቷ ወደ 29 ሴ.ሜ ነው፣ ደረቷ ወደ 13፣ ወገቧ ወደ 9፣ ዳሌዋ ወደ 13 ሴ.ሜ ይሆናል። ግን ከ2016 ጀምሮ ባርቢ ራሷ ረጅም፣ አጭርና ሞላ ያለ ገላ ያላቸው ሞዴሎች ስላሏት ቁጥር ከማመን ሜትር ማመን ይሻላል። ከዛ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ሴንቲሜትሩን በዓይን ማባዛት ነው፦ ወገብ 9 ሲባዛ በ3፣ 27 ዓይን። ከኋላ ለሚደራረብበት 3 ጨምሩ፣ 30። ደረት 13 ሲባዛ በ3፣ 39፣ ሲደመር 3፣ 42።

ቀሚሱ

ከወገብ ወደ ላይ ነው የምንጀምረው፣ ጀርባው ክፍት ሆኖ። 31 ሰንሰለት ስሩ፣ ከመርፌው ሁለተኛዋ ሰንሰለት ላይ ጀምራችሁ በእያንዳንዷ አንድ አጭር ዓይን፣ መጨረሻ ላይ 30 ዓይን መሆን አለበት። ሁለተኛው መስመር ዝም ብሎ 30። ሦስተኛው መስመር ላይ እንጨምራለን፣ 4 ዓይን ተራ (ማለትም ሳይጨመር በእያንዳንዷ አንድ አንድ)፣ አምስተኛዋ ላይ ሁለት፣ ይሄንን 6 ጊዜ ስትደግሙት 36 ይሆናል። አራተኛው መስመር ሳይጨመር ተራ። አምስተኛው ላይ 5 ተራ፣ ስድስተኛዋ ላይ ሁለት፣ 6 ጊዜ፣ 42 ሆነ። ከዚህ በኋላ ብብት እስኪደርስ ሳትጨምሩ ሂዱ፣ ብዙውን ጊዜ በድምሩ ከ10 እስከ 12 መስመር ይሆናል፣ ግን በየሁለት መስመሩ አሻንጉሊቷ ላይ እያደረጋችሁ እዩት እንጂ በኔ ቁጥር ብቻ አትሂዱ።

ማንገቻው ከፊት ለፊት ይነሳል። 42ቱን ዓይን በሦስት ስትከፍሉት 14ኛዋና 28ኛዋ ዓይን ላይ ምልክት አድርጉ፣ እዛ ላይ አዲስ ክር አስገብታችሁ ሰንሰለት ሰርታችሁ በትከሻዋ አሳልፋችሁ ጀርባ ጋ በማያያዣ ዝጉት። ርዝመቱን መገመት አያስፈልግም፣ ልብሱን አልብሳችሁ እዛው ላይ ለኩት። አንገት ላይ የሚታሰር ከፈለጋችሁ ሁለቱን ሰንሰለት ረዘም አድርጋችሁ ተዉት፣ እሱም ያምራል።

አሁን ቀሚሱን ገልብጡትና ከመጀመሪያው ሰንሰለት ማዶ ወደ ታች ጉርዱን ስሩ። እዚህ ጋ ወሳኝ ነገር አለ፦ ወገቧ 9 ዳሌዋ 13 ስለሆነ መክፈቻው ወገብ ላይ ካበቃ ቀሚሱ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የጉርዱን የመጀመሪያ ሦስት መስመር ዙሩን ሳትዘጉ ወዲህና ወዲያ ስሩት። አንደኛው መስመር በእያንዳንዷ ዓይን ሁለት ረጅም፣ 60 ይሆናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተራ። አራተኛው ላይ በማያያዣ ዙሩን ዝጉና በየ5 ዓይኑ አንድ ጨምሩ፣ ማለትም 4 ተራ አምስተኛዋ ላይ ሁለት፣ 72። ከዛ እስከፈለጋችሁት ርዝመት።

72ን የመረጥኩት ለጫፉ ብዬ ነው። የማራገቢያ ቅርፅ ያለው ጫፍ 6 ዓይን ነው የሚፈጀው፦ አንድ አጭር፣ 2 ዓይን ዝለሉ፣ በቀጣይዋ አንዷ ዓይን ውስጥ 5 ረጅም፣ 2 ዝለሉ፣ እንደገና አጭር (ይቺ የቀጣዩ ማራገቢያ መጀመሪያ ናት)። 72 ለ6 ሲካፈል 12 ማራገቢያ ይወጣዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ግማሽ የለም። ጫፉን በሌላ ቀለም ብትሰሩት ቀሚሱ በአንዴ ይለወጣል፣ እኔ ነጭ ቀሚስ በደማቅ ጫፍ የሚያክልብኝ የለም።

መዝጊያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ሰፍታችሁ በሌላው በኩል የሰንሰለት ቀለበት ማድረግ ትችላላችሁ፣ ወይም ተጭኖ የሚገጥመውን ትንሽ ቁልፍ። ቬልክሮ አልመክርም፣ ሻካራው በኩል ክሩንም ፀጉሯንም እየያዘ ያበላሻል። አሻንጉሊቱ ከ3 ዓመት በታች ላለ ህፃን ከሆነ ግን ቁልፍም ጨሌም ጭራሽ አታድርጉ፣ ተነቅሎ አፍ ውስጥ ይገባል፣ በአጭር የሰንሰለት ማሰሪያ ጨርሱት።

የክብ ህግ

ኮፍያ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ ቅርጫት፣ የጠረጴዛ ዳንቴል፣ ሁሉም ከአንድ ክብ ነው የሚነሱት፣ ስለዚህ ይሄንን የያዘ ሰው ግማሹን ቤት መስራት ይችላል። በአጭር ዓይን ከሆነ በ6 ጀምሩና በየዙሩ 6 ጨምሩ፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 30፣ 36። በረጅም ከሆነ በ12 ጀምሩና በየዙሩ 12 ጨምሩ፦ 12፣ 24፣ 36፣ 48። ሁለተኛው ዙር በእያንዳንዷ ዓይን ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ ተራ አንድ ጭማሪ፣ አራተኛው ሁለት ተራ አንድ ጭማሪ፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። መሃሉ ላይ ቀዳዳ እንዳይቀር ክሩን ጣታችሁ ላይ ጠቅልላችሁ ቀለበቱ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ዓይኖች ትሰሩና የክሩን ጭራ ስትስቡት ይዘጋል።

ጭማሪው ካነሰ ክቡ ወደ ሳህን ይጎብጣል፣ ከበዛ ደሞ ጫፉ ይሸበሸባል። ይሄ ስህተት ብቻ አይደለም፣ አውቃችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ጭማሪውን ስታቆሙ ኮፍያ ትሆናለች፣ በየዙሩ አብዝታችሁ ስትጨምሩ የተሸበሸበ የልዕልት ጉርድ ይሆናል። ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሂሳብ ሊቅ በ1997 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያለች ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን (ጠፍጣፋ ያልሆነ፣ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሸበሸብ) የጂኦሜትሪ ገፅ በእጅ ተይዞ እንዲታይ ያደረገችው በዚሁ ዘዴ ነው፣ በኪሮሽ፣ በተወሰነ ቁጥር አብዝቶ በመጨመር። የአሻንጉሊት ጉርድ ስትሰሩ እጃችሁ ላይ ያለው ያው ሂሳብ ነው።

ለኮፍያዋ የጭንቅላቷ ዙሪያ ከነፀጉሩ 12 ሴ.ሜ ከሆነ 12 በ3፣ 36 ዓይን። ስለዚህ 36 እስክትደርሱ ጨምሩ፣ ከዛ ሳትጨምሩ 6 ወይ 7 ዙር ውረዱ። ክፈፍ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ በእያንዳንዷ ሁለተኛ ዓይን ላይ ጨምሩ፣ ወጣ ብሎ ይዘረጋል።

ወደ ቤት ዕቃ

የብርጭቆ ማስቀመጫ በ3.5 መርፌና መካከለኛ ውፍረት ባለው ጥጥ ስሩ። አራት ዙር ረጅም፣ 48 እስኪደርስ፣ ከዛ አንድ ዙር ከላይ ያየነው ማራገቢያ፣ 8 ማራገቢያ ይወጣዋል፣ ስፋቱም ወደ 10 ሴ.ሜ ይጠጋል። የአሻንጉሊቷን ጉርድ የሰራ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም።

ድስት መያዣ ላይ በጣም ጥንቃቄ አድርጉ። መቶ በመቶ ጥጥ ብቻ። አክሪሊክ ትኩስ ነገር ሲነካው ይቀልጣል፣ ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ተቀላቅሎበታል የሚል ካለ ለዚህ አትጠቀሙት። በ4 መርፌ በአጭር ዓይን 18 በ18 ሴ.ሜ የሆነ ሁለት ካሬ ስሩና ደራርባችሁ ዙሪያውን በአጭር ዓይን አያይዙት፣ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ሦስት ዓይን። ቀዳዳ ያለው የዳንቴል አሰራር እዚህ አይሆንም፣ ሙቀቱ በቀዳዳው ያልፋል። ሲረጥብም ሙቀት በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ ደረቅ ሳለ ብቻ ነው መያዝ ያለባችሁ።

ቅርጫት ለሚፈልግ ሁለት ክር አንድ ላይ ይዞ፣ ወረቀቱ ከሚለው ያነሰ መርፌ ተጠቅሞ ጠበቅ አድርጎ መስራት ነው፣ ካልጠበቀ አይቆምም። ክቡን በአጭር ዓይን 60 እስኪደርስ፣ ማለትም 10 ዙር። ቀጣዩን ዙር ሳትጨምሩ ከዓይኑ አናት የኋለኛውን አንዱን ክር ብቻ እየያዛችሁ ስሩት፣ ያ መስመር መታጠፊያውን ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ከዛ በተለመደው አሰራር ወደ ላይ። እጀታ ለማውጣት 10 ዓይን ስሩ፣ 10 ሰንሰለት ሰርታችሁ 10 ዓይን ዝለሉ፣ 20 ስሩ፣ እንደገና 10 ሰንሰለት ሰርታችሁ 10 ዝለሉ፣ 10 ስሩ፣ ድምሩ ያው 60። ቀጣዩ ዙር ላይ ሰንሰለቱ ላይም 10 ዓይን አስቀምጡ።

የትራስ ልብስ ከትራሱ በየጎኑ 1 ወይ 2 ሴ.ሜ አንሶ መሰራት አለበት፣ ኪሮሽ ስለሚለጠጥ እኩል ከተሰራ ኋላ ላይ ይንቦረቀቃል።

ማጠናቀቅ

ብዙ ቆንጆ ስራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ክር ስትቆርጡ ቢያንስ 10 ሴ.ሜ ጭራ ተዉ፣ በስፌት መርፌ በአንድ አቅጣጫ አሳልፉት፣ ከዛ አንድ ክር ዘላችሁ ወደኋላ መልሱት፣ ከዛ አንዴ ደግማችሁ። ቋጥሮ አጠር አድርጎ መቁረጥ አያስተማምንም፣ አንድ ሁለቴ ሲታጠብ ይፈታል።

ከዛ ቅርፅ ማስያዝ። ጥጥ ከሆነ አርጥባችሁ በፎጣ ጨምቃችሁ (ሳትጠመዝዙ) ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ማራገቢያዎቹን አንድ በአንድ በስፒል ወጥራችሁ እስኪደርቅ ተዉት። አክሪሊክ ላይ ካውያ አታስነኩ፣ ለጥ ብሎ ይቀራል፣ ከፍ አድርጋችሁ እንፋሎት ብቻ ስጡት። ስፒሉ እንዳይዝግ የማይዝገውን አይነት ተጠቀሙ፣ ነጭ ዳንቴል ላይ የዝገት ነጠብጣብ አይለቅም።

ዳንቴሉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከፈለጋችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ አንድ ኩባያ የሚሆን የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩና ወተት የመሰለ ነጭነቱ ለቆ ጥርት እስኪል አብስሉት፣ ሲቀዘቅዝ ዳንቴሉን ነክራችሁ ጨምቃችሁ ወጥሩት። ለቅርጫትም ይሆናል፣ ግን ስታርች ነፍሳት ስለሚወዱት ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን ዳንቴል አጥባችሁ ስታርቹን አስለቅቃችሁ ነው ማጠፍ ያለባችሁ።